ክብርት ዳይሬክተር ሊሄዱ ነው

መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ «ልሄድ ነው» ባይ አያጣም። ይኼ ሰው ዘንድሮ ሊሄድ ነው፤ ካቻምናም ሊሄድ ነበር፤ እናንተ ጡረታ የወጣችሁ ዕለት ከጎናችሁ ቆሞ ፎቶ ይነሣና «የኔም እኮ ደርሷል» ይላችኋል። ወንበር ላይ ሲቀመጥ በግማሽ መቀመጫው ነው፣ ድንገት ቢጠሩት እንዳይዘገይ። ጫማህ ተበልቷል፣ አዲስ ግዛ ሲሉት «እዚያ የሚደረገው ሌላ ነው» ይላል። የተጠየቀው ሁሉ «ፕሮሰስ ላይ» ነው። ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ይኼ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ነርስ ነው።

የቀዶ ጥገና ክፍሉ «ልሄድ ነው» ባይ ሴት ናት። በስሟ የሚያውቃት የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ «ክብርት ዳይሬክተር» ይላታል፤ ሲቸኩል ደግሞ «ክብርት»። ሹመቱ የመጣው እንዲህ ነው። ሌላው ነርስ ውጭ አገር ሥራ ሲፈልግ የሚፈልገው ያው ነርስነቱን ነው። እሷ ግን ከሦስት ዓመት በፊት ስልኳን ይዛ ሻይ ክፍል ገባችና፣

«የነርሶች ዳይሬክተር ይፈልጋሉ። አራት መቶ አልጋ ያለው ሆስፒታል ነው። ቪዛውን፣ ትኬቱን፣ የሦስት ወር ቤቱን የሚችሉት ራሳቸው ናቸው» አለች።

«ታዲያ እዚህ ማን ዳይሬክተር አለና ነው ለኛ የምትነግሪን?» አለቻት አንዷ።

«አመልክቻለሁ» አለች።

ሻይ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቀች አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ናት።

ኃላፊዋና ክብርት አንድ ዴስክ ላይ የተማሩ የአንድ ዓመት ምሩቆች ናቸው። ኃላፊዋ አንደኛ ወጣች። ክብርት ስንተኛ እንደ ወጣች ለማወቅ ወረቀቱን ገልበጥ ማድረግ ያስፈልጋል። ዛሬም ክፍሉን የምትመራው ኃላፊዋ ናት፤ ፈረቃ የምታወጣው እሷ፣ የመድኃኒት ቁም ሣጥኑ ቁልፍ የተንጠለጠለው እሷ አንገት ላይ። እንግዲህ ይቺ ሴት በምን ሒሳብ ነው ከበታቿ ተነሥታ በራሷ ላይ ዘልላ ዳይሬክተር የምትሆነው? ጥያቄው ሦስት ዓመት ሙሉ እንደ ቃር ከደረቷ አልወርድ አለ።

«እሷ ዳይሬክተር ከሆነች እኔ ምን ልባል ነው?» ትለዋለች ባሏን።

ባሏ ረጋ ያለ ሰው ነው። «አንቺም አመልክቺያ» ይላታል፤ ጋዜጣውን ሳያወርድ።

ባል እንዲህ ሲል ያናድዳል፤ ልክ ስለሆነ። ኃላፊዋ አታመለክትም። የማታመለክተው አትችልም ተብላ አይደለም፤ መውደቅ ስለምትፈራ ነው። አንደኛ የወጣ ሰው መውደቅ አልተማረም። ክብርት ግን ስድስት ጊዜ አመልክታ ስድስት ጊዜ ወደቀች፤ ስድስቱንም ጊዜ ሻይ ክፍል ገብታ በገዛ አፏ አወጀች። «ለጥቂት ነው ያመለጠኝ» ትላለች። ከዚያ ዳቦዋን እየቆረሰች «ምቀኛ አታሳጣኝ» ትላለች። ይኼን ስትል ማንንም አታይም፤ ኃላፊዋ ግን እኔን ነው እያለች ቆሽቷ ያርራል።

ከሦስተኛው ውድቀት በኋላ «እኛ ጋ» የሚለው ነገር መጣ። ክብርት አንድም ቀን ያልረገጠችውን ሆስፒታል «እኛ ጋ» ማለት ጀመረች። የጠዋት ርክክብ ላይ የሌሊቱ ፈረቃ ለቀኑ በሽተኛ ሲያስረክብ፣ «እኛ ጋ እኮ ርክክብ እዚያው አልጋው አጠገብ ነው፣ በሽተኛው እየሰማ» ትላለች። «እኛ ጋ አንዲት ነርስ የምትይዘው አራት በሽተኛ ነው» ትላለች። አሥራ አራት በሽተኛ ይዛ የቆመች ነርስ ይኼን ስትሰማ ፊቷ ምን እንደሚመስል እናንተው ገምቱት። ኃላፊዋ «እስቲ እናንተ ጋ ከመሄድሽ በፊት እኛ ጋ ያለውን ጉሉኮስ ቀይሪ» ትላታለች። ክብርት አትቀየምም፤ ሄዳ ትቀይራለች። አለመቀየሟ ራሱ ሌላ የሚያስቀና ነገር ነው።

ለቃለ መጠይቅ የምትለማመደው በሽተኞቹ ላይ ነው። በሽተኛ ጥሩ ተማሪ ነው፤ የትም ሮጦ አይሄድም።

«አባባ፣ ሁለት ሠራተኞች ቢጣሉብኝ ምን የማደርግ ይመስልዎታል?»

«ሁለቱንም ታባርሪያለሻ።»

«የለም፣ አባባ። በመጀመሪያ ለየብቻ አዳምጣቸዋለሁ።»

«ታዲያ እኔንስ መቼ ነው የምታዳምጭኝ፣ ልጄ? ይቺን ትራስ ከፍ አድርጊልኝ ካልኩሽ ቆየሁ እኮ።»

ሁለት ጊዜም ተሸኝታለች። ሁለቱንም ጊዜ ኬክ ተቆርጧል፣ ንግግር ተደርጓል፣ እሷም አልቅሳለች። በመጀመሪያው ሽኝት ኩባያዋን ለጽዳት ሠራተኛዋ «መታሰቢያ ይሁንሽ» ብላ ሰጠች። ነገሩ በወረቀት ጉድለት ሲቀር ሰኞ ጠዋት መጥታ «እናቴ፣ ሻይ በምን ልጠጣ?» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ኩባያው የሁለት ሰው ነው። በሁለተኛው ሽኝት ኃላፊዋም ንግግር አድርጋለች። «እንደሚሳካላት አልጠራጠርም» አለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ አለች በሆዷ።

በሰባተኛው ግን ነገሩ መሬት ያዘ። ስሟ ከመጨረሻዎቹ ሦስት እጩዎች ገባ። በስልክ፣ ፊት ለፊት እየተያዩ፣ ሦስት ሰዎች ሊጠይቋት ለረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ቀጠሮ ተያዘ። ክብርት ሁለት ሳምንት ቀድማ ኃላፊዋ ዘንድ መጣች።

«እባክሽ እህቴ፣ ረቡዕን ብቻ ልቀቂኝ። ሌላውን ቀን እንደፈለግሽ አድርጊኝ።»

«አየዋለሁ» አለች ኃላፊዋ።

አለቃ ኖሮት የሚያውቅ ሁሉ «አየዋለሁ» ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ረቡዕ የቀን ፈረቃ ላይ ክብርትን ጻፈቻት፤ በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪፕቶ። የሰው እጥረት ነበር? ነበር። እጥረት የሌለበት ሳምንት ግን ኖሮ አያውቅም፤ ሌላ ሰው መቀየር ይቻል እንደነበር ልቧ ያውቃል። የአባባ ትራስ፣ ስድስቱ ውድቀት፣ «እኛ ጋ»ው ሁሉ ተደማምሮ እስክሪፕቶውን የያዘው ቅናት ነበር። ክብርት ሰሌዳውን አየችና ጉሉኮስ ልትቀይር ሄደች።

ረቡዕ ስምንት ተኩል ላይ ኃላፊዋ ስለ ጓንት እጥረት ስብሰባ ተጠራችና ወደ ታች ወረደች። ክፍሉ ውስጥ የቀሩት ክብርትና ገና ወር ያልሞላት አዲስ ነርስ ናቸው። ክብርት ምሳዋን ለዚህ ስትል ሳትበላ አቆይታዋለች። አዲሷን ነርስ «ግማሽ ሰዓት ብቻ ዓይንሽን ክፈቺልኝ» ብላ፣ በክፍሉ ውስጥ ጸጥታ ያለበት ብቸኛ ቦታ ገባች፤ የአንሶላ መጋዘን። ስልኳን በተጣጠፉ አንሶላዎች ላይ አቆመች። ኮሌታዋን አቃናች። ሦስቱ ሰዎች ብቅ አሉ።

«ኃላፊነት ሲባል ለእርስዎ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ላይ ደርሰው ነበር። ክብርት ይኼን ጥያቄ በአርባ በሽተኛ ላይ ተለማምዳዋለች። አፏን ስትከፍት የአልጋ ሰባት ደወል ጮኸ። ደወል ይጮኻል፤ ግን ቀጥሎ የአዲሷ ነርስ ድምፅ ተሰማ፣ ያውም ስም የማይጠራ ድምፅ። ነርስ የሆነ ሰው ያን ድምፅ ሲሰማ እግሩ ከጭንቅላቱ ይቀድማል። ክብርት «መጣሁ» ብላ ወጣች። ሦስቱ የተከበሩ ሰዎች አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ አንሶላ ሲያዩ ቆዩ።

አልጋ ሰባት የተኙት የትራሱ አባባ ናቸው፤ ስፌታቸው ተከፍቶ ነበር። ክብርት ቁስሉን በፋሻ ይዛ፣ በሁለት እጇ ተጭና፣ ሐኪሙ እስኪደርስ ከዚያ ንቅንቅ አላለችም። ለአዲሷ ነርስ ምን እንደምታመጣ አንድ በአንድ ትነግራታለች፣ አባባን «ዓይኔን ይዩኝ፣ ሌላ ነገር አይዩ» ትላቸዋለች። ሐኪሙ ሲረከባት ታጥባ ተመለሰችና እጅጌዋ ላይ ደም እንዳለ፣ «ይቅርታ፣ የት ደርሰን ነበር?» አለቻቸው። የት እንደሄደች አልተናገረችም፤ የበሽተኛ ነገር ለውጭ ሰው አይነገርም ብላ። እነሱም ከዚያ በኋላ ብዙ አልጠየቋትም።

ኃላፊዋ ከስብሰባ ስትመለስ ሁሉንም ሰማች። አስቀድማ ስለ አባባ ጠየቀች፤ ደህና ናቸው። ከዚያ ደስ አላት። እውነቱ ይነገር ከተባለ ደስ አላት፤ አለቀላት፣ አበቃ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የተሸከምኩት ቃር ወረደልኝ አለች። ሻይ ክፍል ስትገባ ክብርት ወንበሩን ሞልታ ተቀምጣለች።

«ይሄኛው ለጥቂት እንኳ አይደለም» አለች ክብርት።

ስለ ምቀኛ ምንም አልጨመረችም። ኃላፊዋ ሻይዋን ቀዳች፣ ስኳር ጨመረች፣ ደግማ ጨመረች፣ ሳትጠጣው ወጣች።

በአሥረኛው ቀን ከውጭው ሆስፒታል ለኃላፊዋ ደብዳቤ መጣ። የእጩዋ የቅርብ አለቃ የምትሞላው የምስክርነት ቅጽ ነው። ሌላው ጥያቄ የተለመደው ነው፤ አራተኛው ግን እንዲህ ይላል፦ «እጩዋ በቃለ መጠይቁ መሐል ለአሥራ አንድ ደቂቃ ጥለውን ሄደዋል፤ ምክንያቱንም አልገለጹም። የት እንደነበሩ ያውቃሉ?»

ኃላፊዋ ጠዋት ከርክክብ በፊት ጠረጴዛዋ ላይ ሆና አነበበችው። አንድ ቃል ይበቃል። «አላውቅም» ብትል ማን ይከሳታል? ስብሰባ ላይ ነበረች፣ ፊርማዋ አለ። «አላውቅም» ብላ ጻፈችም። ግን ኃላፊዋ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነርስ ናት፤ ማኅደር ሳታይ ስለ ምንም ነገር ጽፋ አታውቅም። ተነሥታ የአልጋ ሰባትን ማኅደር አወጣች።

የክብርት ጽሕፈት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት፣ ስፌቱ ተከፈተ። ዘጠኝ ከአሥራ ሦስት፣ በእጅ መጫን ተጀመረ፤ ሐኪም ተጠራ። ዘጠኝ ከሃያ ሁለት፣ ለሐኪም ተረከበ። ስለ ቃለ መጠይቁ አንድ ቃል የለም። «የክፍሉ ኃላፊ በወቅቱ የት ነበረች» የሚለው መስመር ደግሞ ባዶ ነው። ክብርት ያን መስመር መሙላት ትችል ነበር፤ መብቷም ነው። ዘልላዋለች። ኃላፊዋ ባዶውን መስመር እያየች ጆሮዋ ድረስ ጋለች፤ አፈረች።

«አላውቅም»ን ሰርዛ ማኅደር እንደሚጻፍ ጻፈችው፣ ሰዓቱን ከነደቂቃው። ቀጥላ «ዕረፍት ጠይቃኝ ነበር። የከለከልኳት እኔ ነኝ። ያስከለከለኝ ሥራ አይደለም» ብላ ጨመረች። ከእጩዋ ጋር ምን ያህል እንደሠራች ለሚለው የድሮ የፈረቃ ሰሌዳዎቹን ገለጠች፤ ያኔ ነው ያየችው። ከባድ ቀን በሆነ ቁጥር፣ ቀዶ ጥገናው በበዛ ቁጥር፣ ክብርትን የመደበቻት ከራሷ ጋር ነው። ሦስት ዓመት እየቀናችባት፣ ሦስት ዓመት ከጎኗ አልለየቻትም። የመጨረሻው ጥያቄ «መልሰው ይቀጥሯታል?» ይላል። «አዎ» አለችና ከሥሩ ጻፈች፦ «ካልፈለጋችኋት ቶሎ አሳውቁኝ፤ እኔ እፈልጋታለሁ።»

ወሰዷት። ዳይሬክተር አድርገው፣ ከነቪዛው፣ ከነትኬቱ፣ ከነሦስት ወሩ ቤት። በዚህኛው ኬክ አልተቆረጠም፤ ሁለት ጊዜ የተሸኘን ሰው ማን ያምናል። ያመነችው ኃላፊዋ ብቻ ናት፤ ከፈረቃ በኋላ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሻንጣዋን ጎተተችላት።

«ምን ብለሽ ነው የጻፍሽልኝ?» አለች ክብርት።

«ያየሁትን።»

«ትቀኝብኝ ነበር አይደል?»

«አሁንስ ቅናቱ ተወኝ ማን አለሽ» አለች ኃላፊዋ። ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ ኃላፊዋ ታክሲው ከዓይኗ እስኪጠፋ ቆመች።

በሳምንቱ አሥራ ሁለት ቀዶ ጥገና የተያዘበት ቀን መጣ። ኃላፊዋ ጠዋት ርክክብ ላይ ቆማ፣ በሰዓቱ ልዩነት እዚያ አሁን ስንት ሰዓት ይሆን ብላ አሰበች። የሆነች ነርስ፣ አራት በሽተኛ ብቻ የያዘች፣ ኮሪደር ላይ ከክብርት ጋር ተገናኝታ «ደህና አደርሽ» እያለቻት ይሆናል። ኃላፊዋ ያችን ነርስ አታውቃትም፤ መልኳንም አይታ አታውቅም። በሕይወቷ እንደዚያ በማንም ቀንታ አታውቅም።