የጂግሶ ቀበቶና የሸምሱ ሚስማር

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ይህን ተረት አምኜ ዕድሜዬን በዝምታ ጨርሻለሁ፤ እስካሁን ስላልነቀዝኩ ተረቱ እውነት ነው ማለት ነው። ፊደል አልቆጠርኩም። ይህንንም እኔ እያልኩ የልጄ ልጅ ናት የምትጽፈው። ታዲያ ዛሬ ምን አናገረህ ትሉኝ ይሆናል። ቦክስ ነው ያናገረኝ።

በእኛ አገር ጠብ ብርቅ አይደለም፤ ብርቁ ገላጋይ ያጣ ጠብ ነው። ሁለት ሰዎች ዲላ ገበያ መሐል ተናነቁ እንበል። አንዱ ቡጢ ከመሰንዘሩ በፊት ቡና ሻጩ ቡናውን፣ ፍየል ጎታቹ ፍየሉን ጥሎ መሐላቸው ይገባል። ጠበኞቹም ይህን ስለሚያውቁ "ልቀቁኝ!" ብለው የሚጮኹት ገና ማንም ሳይዛቸው ነው። አንድ ጊዜ ገላጋይ የዘገየበት ሰው አይቻለሁ። ቡጢውን አንሥቶ ግራና ቀኙን ይቃኛል። "ምነው ዛሬስ ቀሩ?" የሚል ይመስል ነበር። ፊቱ ላይ ያየሁትን ፍርሃት ጦር ሜዳ የዋለም አላሳየኝ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ አገር ቦክሰኛ አወጣ። ጉዱ ይኼ ነው።

ጂግሶ የጪጩ ልጅ ነው፤ ጪጩ የዲላ ጎረቤት ናት። በንጉሡ ዘመን እሱና እኔ ዲላ ላይ የቡና ጆንያ ተሸካሚዎች ነበርን። እኔ አንድ ጆንያ ተሸክሜ ሳቃስት እሱ ሁለት ተሸክሞ ያፏጫል። አንድ ቀን ጆንያውን መኪና ላይ ጫነ፤ ራሱንም ጆንያው ላይ ጫነና አዲስ አበባ ገባ። ወታደር ቤት ተቀጠረ። እዚያ አንድ ሻለቃ ክንዱን አየና ጓንት አጠለቀለት። ከዚያ ወዲያ የእሱን ወሬ የምንሰማው በሬዲዮ ሆነ።

ሬዲዮዋ ያለችው ፀጉር አስተካካዩ ሸምሱ ዘንድ ነው። ጂግሶ የሚጋጠም ቀን ሸምሱ ቤት ፀጉር ያለውም የሌለውም ሊቆረጥ ይመጣል። ሸምሱም ከሬዲዮዋ ጋር አብሮ ስለሚማታ፣ በዚያ ዘመን ዲላ ውስጥ ጆሮው ላይ ጠባሳ ያለበት ሰው ካያችሁ የቦክስ ወዳጅ ነው። ጂግሶ የአገሩን ቀበቶ ሁለት ጊዜ ወሰደ። ለሦስተኛ ጊዜ ከወሰደ ቀበቶው ለዘለዓለሙ የእሱ ይሆናል፤ የውድድሩ ሕግ ነው አሉን። እሱም "ዲላ አምጥቼ እሰቅለዋለሁ" ብሎ ላከብን። ሸምሱ ይህን በሰማ በነጋታው ግድግዳው ላይ ሚስማር መታ።

ከሚስማሩ በላይ የጂግሶ ፎቶ አለ። ቡጢውን ጨብጦ፣ ጥቁር ኮት ለብሶ። ቦክሰኛ ኮት ለብሶ ከማን ጋር ሊማታ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የኮቱ እጅጌ ወደ ክርኑ ሸሽቷል። እኛ የክንዱ ርዝመት ነው ብለን አደነቅን። ሰው የወደደውን ሲያይ ዓይኑን ቤቱ ትቶ ይመጣል።

ለሦስተኛው ቀበቶ ሳምንት ሲቀረው ሻለቃው ጂግሶን ወደ ዲላ ይዞት መጣ፤ ለአገሩ ሰው ትርዒት እንዲያሳይ። ተጋጣሚው ደጀኔ የሚባል፣ እሱም ከሻለቃው ቡድን የሆነ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ አጠር ያለ፣ ምላሱም ቡጢውም ፈጣን። የሚመጣውም ሳምንት ለቀበቶው የሚገጥመው ይኸው ደጀኔ ነው። የከተማው ልብስ ሰፊዎች ለጂግሶ ቀይ ካባ ሰፉለት፤ ጀርባው ላይ "ዲላ" የሚል ጽሑፍ አለው አሉኝ። እኔ ቀይነቱን አይቻለሁ።

የቡና ማስጫው ላይ መድረክ ሠራን። ወለሉ የቡና ገለባ የታጨቀበት ጆንያ፣ አጥሩ የእንሰት ቃጫ ገመድ። ለደወል የከባድ መኪና ቸርኬ ዛፍ ላይ ሰቀልንና መቺው እኔ ሆንኩ። አፍ የሌለው ሰው እጁን ያሠሩታል። ሻለቃው ሰዓቱን አይቶ በራሱ ይነቀንቅልኛል፣ እኔ እመታለሁ።

ከፊት ወንበር ላይ አባ ዱካሌ ተቀመጡ። አባ ዱካሌ የጪጩ ሽማግሌ ናቸው፤ የጂግሶ አባት ከሞተ ወዲህ እንደ አባቱ ያሉ። ስለ ቦክስ የነገራቸው የለም። "ልጅዎ መጥቷል፣ ክብር ሊያገኝ ነው" ብለው ነው ያመጧቸው።

ቸርኬውን መታሁ። ተጋጠሙ። አባ ዱካሌ ከዘራቸውን ጠበቅ አደረጉ። ቸርኬውን መታሁ። ተለያዩ፤ እያንዳንዱ ጥጉ ላይ ተቀመጠ፣ ውኃ ተሰጠው፣ በጆሮውም የሚነግረው ሰው መጣ። አባ ዱካሌ ይህን በደንብ ተመለከቱ። እንደገና መታሁ። ጂግሶ ግራውን ሰነዘረና የደጀኔ አፍንጫ ደም አወረደ።

ሽማግሌው ተነሡ። ከማስጫው ዳር እርጥብ ሣር ነጩ። በቃጫው ሥር ጎንበስ ብለው ገቡና ሣሩን በሁለቱ መሐል ዘረጉት።

እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሣር ይዞ መሐል ከገባ በሣሩ ላይ እጅ አያልፍም። ያለፈ እንደሆነ ለቅሶው ላይ ሰው አይቆምለትም። ጂግሶ እጁን አወረደ። ጉዳዩን የማያውቀው ደጀኔ ግን ጓንቱን እንዳነሣ ቀረ።

"ምንድን ነው የሚሉት ሰውየው?" አለ።

"ሣሩን ካለፍክ የሚቀብርህ ታጣለህ ነው የሚሉት" አለው ጂግሶ።

"እኔ የምቀበረው አዲስ አበባ ነው።"

"እኔ ግን ጪጩ ነው። እጅህን አውርድ።"

ሻለቃው ሮጦ መጣ። "አባቴ፣ ይህ ጠብ አይደለም፣ ስፖርት ነው።"

"ደም አለች?"

"አዎ፣ ግን..."

"እንግዲያ ጠብ ነች። ስፖርት ኳስ ነው፤ ኳስ አይተናል።" ከዚያ ወደ ዳኛው ዞሩ። "አንተ ነጭ ለብሰህ ገላጋይ ነኝ ትላለህ፤ ታለያያቸውና መልሰህ 'ግጠሙ' ትላለህ። እናትህ እንዲህ አስተማረችህ?" ወደ ጥግ ሰዎችም ዞሩ። "እነዚህ ደግሞ የባሱ ናቸው! ልጆቹ ደክሟቸው ሊተዉት ሲቀመጡ በጆሯቸው ነገር ይጨምሩባቸዋል። ውኃ እያጠጡ ያጣላሉ!" መጨረሻ ላይ እኔን አዩኝ። "አንተም ያን ብረት ተው! በእሱ ድምፅ ነው የሚነሣባቸው።"

ብረቱን ተውኩ። ምን ልበል? እውነታቸውን እኮ ነው፤ አስተውላችሁ ካያችሁት ቦክስ ማለት ይኸው ነው።

ሁላችንም ወደ ሶንጎ ሄድን። ሶንጎ በየመንደሩ ሽማግሌዎች ለፍርድና ለእርቅ የሚቀመጡበት ጥላ ነው። እዚያ አይዋሽም፣ አይጮኽም፣ አይቸኮልም። በተለይ አይቸኮልም። የዲላ ሕዝብም ቦክሱ ቀረብኝ ሳይል ተከትሎን መጣ፤ ሰው ሲፋለም ከማየት ሰው ሲታረቅ መስማት ይጥማል፣ ሐሜት አለበታ።

"ጠባችሁ ምንድን ናት?" አሉ አባ ዱካሌ።

"ጠብ የለንም አባ" አለ ጂግሶ።

"ሳትጣሉ ነው የምትደባደቡት?"

"አዎ።"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። "ይህማ ከጠብ የባሰ ነው" አሉ አባ ዱካሌ። "የተጣላውን እናስታርቃለን። ሳይጣላ የሚደባደበውን በምን እናስታርቀው? የለም፣ የደበቃችሁት ነገር አለ። እንጠብቃለን።"

ጠበቁ። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ሻለቃው ሰዓቱን ደጋግሞ አየ፤ ሶንጎ ላይ ሰዓት ማየት ዝናብን እንደ መገሠጽ ነው። ዝምታው እኔን አላስጨነቀኝም። ደጀኔን ግን ከጂግሶ ግራ ቡጢ ይልቅ ጎዳው። በመጨረሻ ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሣ።

"እሺ! አለ! ኮቴ አለ! ለፎቶ ብሎ ኮቴን ተውሶ ብብቱን ቀድዶ መለሰልኝ! ይቅርታው ቀርቶ ክር እንኳ አላመጣም! ያ በየፀጉር ቤቱ የተሰቀለው ፎቶ ላይ ያለው ኮት የኔ ነው!"

ሕዝቡ አጉረመረመ። ሸምሱ ራሱን ያዘ። የዚያ አጭር እጅጌ ምሥጢር ለሁላችን በአንድ ጊዜ ተገለጠልን። ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል። አባ ዱካሌ ግን እንደ ሙሽራ እናት ደስ አላቸው። "አያችሁ? ጠብ አለች አላልኩም?"

ፈረዱ። ጂግሶ በኮቱ ፈንታ ቀዩን ካባ ለደጀኔ ሰጠ። ቆጮ በቅቤ ቀረበ፤ አንዱ ለአንዱ አጎረሰ። አባ ዱካሌም መረቁ፦ "ከእንግዲህ ወንድማማች ናችሁ። ክንዳችሁ አንዱ በሌላው ላይ አይነሣ። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ያንሣው።" አሜን አልን። ሻለቃውም ቆጮውን እያላመጠ አሜን አለ። ትንሽ ቆይቶ ማላመጡን አቆመ። የሚመጣው ሳምንት ትዝ ብሎታል።

ጂግሶ ሽማግሌውን ለብቻቸው ይዟቸው ዞር አለ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ ዝም የሚል ሰው አይባረርም።

"አባ፣ በሚመጣው ሳምንት ከእሱ ጋር ለቀበቶ እንጋጠማለን።"

"ቀበቶ የለህም? ሱሪህ ይወርዳል?"

"አለኝ።"

"ታዲያ ሌላውን ምን ታደርገዋለህ?"

ጂግሶ ጉልበታቸውን ስሞ ተሰናበታቸው። ወደ ዲላ ስንመለስ መንገድ ላይ እንዲህ አለኝ፦ "ከእጄ ሌላ ሙያ የለኝም። ቀበቶው ከቀረ ወታደር ቤት አያቆየኝም፣ ተመልሼ ጆንያ ልሸከም ነው። ሣሩን ካለፍኩ ደግሞ ጪጩ አልገባም።" እኔ ምንም አላልኩም። ጆንያውም እኮ ክፉ አልነበረም።

በሳምንቱ በቡና መኪና ተጭነን አዲስ አበባ ሄድን። ከሩቅ ቀዩ ካባ ብቅ ሲል "ጂግሶ! ጂግሶ!" ብለን አዳራሹን አናወጥነው። ካባው ሲወልቅ ደጀኔ ሆኖ ተገኘ። የሰፋነው እኛ፣ ያጨበጨብነው እኛ፣ ጥፋቱ የማን ይሁን?

ደወሉ ተደወለ። ሁለቱ ይዞራሉ፣ ይዞራሉ። አንዱ ይሰነዝርና አየሩን ይመታል፤ ሌላው ያንን አየር በጨዋነት ያልፈዋል። ተመልካቹ አፏጨ። "ሠርግ ነው እንዴ?" አለ ከኋላችን አንዱ። በእረፍቱ ሻለቃው ደጀኔ ጆሮ ላይ ተደፍቶ ብዙ ተናገረ። አባ ዱካሌ ቢኖሩ ያንን ሰው ያውቁታል። በሁለተኛው ዙር ደጀኔ ዓይኑን ጨፈነና ሰነዘረ። አገጩን አገኘው።

ጂግሶ ወደቀ።

ዳኛው መቁጠር ጀመረ። "አንድ... ሁለት..." ጂግሶ ጉልበቱን እየሰበሰበ ነበር፣ በራሱ ሊነሣ ምንም አልቀረው። ግን ደጀኔ ጎንበስ አለና እጁን በብብቱ ሥር አስገብቶ ደግፎ አነሣው። ሱሪውንም አራገፈለት። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል የሚለው ተረት ያን ቀን ብቻ ሐሰት ሆነ። ከዲላ የመጣነው ሳንመካከር በአንድ አፍ "አሜን!" አልን።

ዳኞቹ ረጅም ተነጋገሩ። የጣሉትን ሰው ማንሣት በሕጋቸው የለም፤ የሚከለክልም ስላላገኙ ተናደዱ። ማንም አላሸነፈም ተባለ። ቀበቶው ሣጥን ውስጥ ተቆለፈ፣ ሁለቱም ከቡድኑ ወጡ።

ጂግሶ ጪጩ ተመለሰ፤ ቡና ተከለ፣ እንሰት ተከለ፣ በጊዜው ሽማግሌ ሆነ። በአካባቢው እንደሱ ያለ አስታራቂ አልተነሣም። "ታረቁ" ብሎ ያን እጁን ሲዘረጋ እምቢ ያለ አንድ ሰው አላየሁም። አንደበቱ ጣፋጭ ነው ይላሉ። እኔ እጁም ጥቂት ያገዘው ይመስለኛል። ደጀኔ የጭነት መኪና ሾፌር ሆኖ በሞያሌ መንገድ ተመላለሰ፤ ጪጩ ሳያድር አያልፍም፤ ሲዘንብ ያን ቀይ ካባ ይደርበዋል። ሸምሱ ቤት ሚስማሩ ላይ ፎጣ ተሰቀለ። ሸምሱም ለወጣቱ ሁሉ ቀበቶው "በመንገድ ላይ ነው" ይል ነበር። ሕዝብ አምኖ ይቆረጥ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጂግሶ ዐረፈ። ጪጩ ተቀበረ፣ ለቅሶው ላይ ሰው እንደ ጉድ ቆመ። ከቀብር ስንመለስ ካፊያ ነበር፤ ደጀኔ ቀዩን ካባ እንደደረበ፣ ባርኔጣውን እንደደፋ ቀጥ ብሎ ሸምሱ ቤት ገባ።

"ፎቶውን ስጠኝ።"

"ምን ሲደረግ?"

"ኮቱ የኔ ነው።"

"ፊቱ የኛ ነው! ከፈለግክ ኮቱን በመቀስ ቆርጬ ልስጥህ።"

ክፈፉን በሁለት ወገን ያዙት። ሁለት ሽማግሌዎች እያለቀሱ ይጓተታሉ። ሰው ተሰበሰበ፤ ሁሉም ገላጋዩን በዓይኑ ፈለገ። አባ ዱካሌ ካረፉ ቆይተዋል። ጂግሶን አሁን ቀብረን መምጣታችን ነው። የሁለቱም ዓይን ግራና ቀኝ ሲቃኝ አየሁ፤ ያን ፍርሃት ደግሞ አውቀዋለሁ።

ተነሣሁ። ከቦዩ ዳር ሣር ነጨሁና መሐላቸው ዘረጋሁት። "ተቀመጡ" አልኩ። በአደባባይ የተናገርኩት የመጀመሪያዬ ነበር፤ ተቀመጡ።

እንደ ደንቡ ቆጮ መጣ፣ ተጎራረሱ። ፈረድኩ። ፎቶው ከነኮቱ እዚሁ ግድግዳ ላይ ይቅር። በኮቱ ፈንታ ደጀኔ ዲላን ባለፈ ቁጥር ሸምሱ ፀጉሩን በነጻ ይቁረጠው፤ ዕድሜ ልኩን። አሜን ተባለ። ደጀኔ እንባውን ጠረገ፤ የነተበውን ቀይ ካባ አውልቆ ፎጣውን አነሣና ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። ሚስማሩ በመጨረሻ አንድ ነገር አገኘ። ከዚያም "እንግዲያ ከዛሬ እንጀምር" ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ባርኔጣውን አወለቀ።

ራሱ እንደ ሸምሱ መስታወት ያበራ ነበር።

ሸምሱ መቀሱን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አሜን ከተባለ በኋላ ፍርድ አይታጠፍም። እኔም ወደ ልማዴ ተመለስኩ፤ ዝም አልኩ።