አዲሱ ዲናሞና የአማኑኤሉ ሽምግልና

ሰው መከራውን የሚያየው ያለውን ነገር ላሻሽል ብሎ ሲነሳ ነው። እኔ አሮጌ መኪናዬን ባልነካካት ኖሮ መብራቷ እየደበዘዘም ቢሆን ደብረ ማርቆስን ዞራ ትገባ ነበር። ግን ያለምወርቅን ላገባ አማኑኤል ከተማ፣ አባቷ ዘንድ፣ ሽማግሌ መላኬ ነው፤ በክረምት ጉም ሽማግሌዎቼን ገደል ብከትስ? ስለዚህ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ በትልቅ አስቀየርኩ።

አዲሱ እንደተገጠመ መሪው ፊት ያለችው የባትሪ ምልክት ቀይ መብራት በርታ ቀረች። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቷል ተባለ፤ ጠበቀ። ባትሪው አርጅቷል ተባለ፤ ተቀየረ። ቀይዋ ፍንክች አላለችም። በመጨረሻ መካኒኩ “አይመልከቷት” ብሎ መከረኝ። ተስፋ ቆርጬ ስለነበር ምክሩን ተቀበልኩ።

ሦስት ሽማግሌዎች ጭኜ ወጣሁ። ዋናው መሪጌታ ላቀው ናቸው፤ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ሰላምታቸው እንኳ ሁለት ፍቺ ያለው። በወጉ አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይታይም፤ ሐሳቤ ከደጅ አድርሼ ዞር ማለት ነበር። አማኑኤል ስንገባ ዝናቡ ወረደ። የመስታወቱ መጥረጊያ ደከመ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን፣ ሞተሩ ቀጥ አለ። የት? የልጅቷ አባት ደጃፍ ላይ። ኮፈኑን ብከፍት ከዲናሞው የሚወጣው ሽቦ ቀልጧል። ለካ ዲናሞውን ስናሳድግ ሽቦውን ያንኑ የድሮውን ቀጭን ትተነዋል። መሬት ብትከፈትልኝ ገብቼ ከውስጥ በቀረቀርኩ።

አባትየው አቶ ደሴ ጃንጥላ ይዘው ወጡ። አይተውኝ አያውቁም።

“ሹፌሩም ይግባ እንጂ፣ ዝናብ ላይ ቆሞ ምን ይሠራል?” አሉ።

እምቢ ብል ነውር፣ ብገባ የባሰ ነውር። ገብቼ በሩ ሥር ተቀመጥኩ። ያለምወርቅ የእጅ ውኃ ይዛ መጣች። እኔ ጋ ስትደርስ ውኃውን ጉልበቴ ላይ አፈሰሰችው። ቀና ብላ አላየችኝም።

ሽማግሌዎቹ ነገሩን አቀረቡ። አቶ ደሴ ጥቂት አሰቡና ወደ እኔ ዞሩ።

“ሽማግሌስ ማመስገን ሥራው ነው። አንተ ሹፌሩ፣ ልጁን ታውቀዋለህ?”

አፌን ሳልከፍት መሪጌታ ቀደሙኝ፤ “ይህ ሰው ልጁን እንደ ራሱ ነው የሚያውቀው።”

እኔም መሬት መሬት እያየሁ፣ ክፋት እንኳ የለውም፣ ደህናውን ነገር እየነካካ ያበላሻል እንጂ፣ አልኩ። አቶ ደሴ ሳቁ። ሳቃቸው ተስፋዬን ይጨምርልኝ ይቀንስብኝ አላወቅኩም።

ሳቃቸውን ሲጨርሱ፣ ልጄንም ቀድሜ ጠይቄያታለሁ፣ እሺ ብያለሁ አሉ። በመጀመሪያ ቀን እሺ ማለት በእኛ አገር የት ተሰምቶ ያውቃል? እፎይ ልል ስል ጨመሩ፦

“አንድ አደራ ብቻ። ይሄ ሹፌር ደግ ሰው ይመስላል፤ በሠርጉ ቀን ግን በዚህች መኪናው ደጄን እንዳይዘጋብኝ ድርሽ እንዳይል።”

መሪጌታ ወደ እኔ፣ ወደ ሙሽራው፣ እንኳ ሳያዩ፣ በሦስቱም ሽማግሌዎች ስም ቃል ገቡ።