የእሑዱ ችሎት በአስር አለቃ ተሻገር ፊት

ወታደር ከነበረ ሰው ጋር ተቀምጦ የጦርነት ድራማ እስከ መጨረሻው በሰላም ያየ ሰው በዚህ ምድር ላይ የለም። ካለም ወታደሩን እንቅልፍ ወስዶት ነበር ማለት ነው።

በመካነ ኢየሱስ ከተማ፣ በእኛ ሠፈር፣ ክቡር አስር አለቃ ተሻገር አሉ። ልጄ ቴሌቪዥን ከገዛችልኝ ወዲህ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ይመጣሉ። በር ላይ የጫማቸውን ጭቃ ያራግፋሉ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑን እንደ ሰልፈኛ ከላይ እስከ ታች ይመረምሩታል። የምናየው ድራማ ከግንባር ሸሽታችኋል ተብለው የጦር ፍርድ ቤት ስለ ቀረቡ ሦስት ወታደሮች ነው። አስር አለቃ በወጣትነታቸው በሰሜኑ ጦርነት የእንዲህ ያለ ችሎት በር ጠባቂ ስለነበሩ ድራማውን የግል ንብረታቸው አድርገውታል።

«ውሸት!» ይላሉ። «ተከሳሽ ቀበቶ አይታጠቅም! አስፈትተን ነው የምናስገባው።»

ሌላ ጊዜ የዳኛው ጠረጴዛ ነው። «የምን የጠረጴዛ ልብስ? የጥይት ሣጥን ነበር!» አንድ እሑድማ ትክክለኛውን ሰላምታ ሊያሳዩን ተነሥተው ቆሙና የምስክሩን ቃል በሙሉ ጋረዱብን።

ጨርቅ ነጋዴዋ ጎረቤቴ ነፊሳ አታልፋቸውም። «አስር አለቃ፣ ለድራማው ሠሪዎች ስልክ ልደውልና እርስዎው ይዘዟቸው?»

«ቢሰሙኝማ በሁለተኛው ክፍል አስተካክያቸው ነበር!»

እኔ ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም፤ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ እስቃለሁ። አብራን የምታየው ሌላዋ ጎረቤቴ ብርቄ ግን አትስቅም። ታናሽ ወንድሟ እሸቱ በዚያው ጦርነት ከዳህ ተብሎ መረሸኑን ከሰማን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነ። አባቷ «ስሙ በቤቴ አይነሣ» አሉ። ለቅሶ አልተቀመጡም፣ ተዝካር አልወጣም። አባትየው ካረፉ በኋላም አልደፈረችም። «ንስሐ ሳይገባ ከሞተ ተዝካሩ ምን ያደርግለታል?» ትለኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት የመጨረሻው ክፍል ታየ። በሦስቱም ላይ ሞት ተፈረደ። ማለዳ አንድ ቄስ መስቀል ይዘው ገቡና በየተራ አናዘዟቸው። የአስር አለቃን «ውሸት!» እየጠበቅሁ ትከሻዬን ሰበሰብሁ።

ብርቄ ቀደመቻቸው። «አስር አለቃ፣ እውነት ቄስ ያመጡላቸዋል?»

አስር አለቃ ባርኔጣቸውን አንሥተው አገላበጡት።

«ያመጣሉ» አሉ። «ይህ ልክ ነው። በሩን የምከፍትላቸው እኔው ነበርሁ።»

«መስቀልም ይሳለማሉ?»

«ሳይሳለም የወጣ የለም።»

ብርቄ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ነፊሳ ክንዷን ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደቻት። አስር አለቃ ግን ደጃፌ ላይ ቆመው ቀሩ።

«ቄስ የሚጠራበት ዘመን አልነበረም፣ እታለም» አሉኝ በቀስታ። «አንዱ እንዲያውም ለምኖኝ ነበር። በሩን ዘጋሁበት።»

ከዚያ ባርኔጣቸውን ሳያደርጉ ሄዱ።

ያሉኝን ለብርቄ አልነገርኋትም፤ ትናንት የእሸቱ ተዝካር ወጣ። አስር አለቃ ከቄሶቹም ቀድመው ደረሱና ድንኳን ተካዮቹን ያምሱ ጀመር። «ካስማ እንዲህ ነው የሚመታ? ማን ነው ያስተማራችሁ? ንቀሉት!» ሦስት ጊዜ አስነቀሏቸው። ጎረምሶቹ ተሰላችተው አንድ በአንድ ሲሸሹ በአንድ እጃቸው መዶሻ፣ በሌላው የድንኳኑን ገመድ ይዘው ብቻቸውን ቀሩ። ሄጄ ገመዱን ያዝሁላቸው።

«ጠበቅ አድርጊው» አሉኝ።

ጠበቅ አደረግሁት።