ገብቶ ያልወጣው ሸራ ጫማ

ሸራ ጫማ የወደድኩት ስለማይሰማ ነው። ያምራል፤ እሱን አልክድም። እኔን የያዘኝ ግን ዝምታው ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ባለተረከዝ ጫማ ያደረጉ ልጆች ላይብረሪ ሲገቡ ከበሩ እስከ ወንበራቸው ቋ ቋ እያሉ ነው። አንባቢው ሁሉ ቀና ይላል። እኔ ደግሞ ቀና ብሎ ከሚያየኝ ሰው ቀና ብሎ የሚያየኝ ውሻ ይሻለኛል። ውሻ ቢያንስ «ስምሽ ማነው?» አይልም።

ስለዚህ ሁለተኛ ዓመት ላይ ጥቁር ሸራ ገዛሁ፤ ጎማው ነጭ፣ ማሰሪያው ነጭ። በዚያ ላይ ሁሉም ያደርገዋል። የታክሲ ረዳቱም፣ ኳስ ተጫዋቹም፣ ሙሽራው ሳይቀር በሱፍ ላይ ያደርገዋል። ሁሉም ሰው ያደረገውን ጫማ ያደረገ ሰው ማን ያየዋል? ብዬ አሰብኩ። አልተሳሳትኩም። ልመረቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ አንድ መምህሬ ኮሪደር ላይ አስቆሙኝና «አዲስ ተማሪ ነሽ?» አሉኝ። ደስ አለኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ከዚያ ወደ ቤት ተመለስኩ፤ ወደ ነጌሌ። የነጌሌ አፈር ደግሞ ቀይ ነው፣ ልም ነው፣ የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል። ጫማዬ ድምፅ የለውም ብዬ ስንጎማለል ለካ ጎማው እያንዳንዷን እርምጃዬን እንደ መሥሪያ ቤት ማኅተም መሬቱ ላይ እየመታ ነበር። እኔ ምን አውቄ! ያወቁት አባ ጃርሶ ናቸው።

አባ ጃርሶ ጎረቤታችን ናቸው። ከአሬሮ በኩል ነው የመጡት። ድርቁ ከብቶቻቸውን ሲጨርስባቸው ልጃቸው ወደ ከተማ አመጣቻቸው። ጠዋት ጠዋት የራሳቸው ከብት ባይኖራቸውም የሰው ከብት ሊያዩ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በኩል አልፈው ወደ ገበያው ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ልጃቸው በር ላይ በርጩማ አውጥተው ይቀመጣሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዱካ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። የጠፋች ግመል በየት እንዳለፈች፣ መቼ እንዳለፈች፣ የትኛው እግሯ እንደሚያማት ከአፈሩ ላይ ያነባሉ። አሁን የሚከተሉት ግመል የላቸውም። መንገዱ ላይ የቀረነው እኛ ነን።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ማስታወቂያ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ለቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ምዝገባው እስከ ዓርብ። ዙሪያውን መጽሐፍ የሆነ፣ መናገር በደንብ የተከለከለበት ሥራ! ለእኔ ተብሎ የተፈጠረ። ችግሩ መመዝገብ ይቀድማል። ለመመዝገብ ደግሞ ቢሮ መግባት፣ ስም መናገር፣ ሰው ፊት መቆም አለ።

ሰኞ ሄድኩ። የግቢው በር ላይ ሰባት ስምንት ወጣቶች ፋይላቸውን ይዘው ግንቡን ተደግፈዋል። ስደርስ ወሬያቸውን አቋረጡ። ይኼኔ ስልኬን ጆሮዬ ላይ አደረግሁና «እሺ፣ እሺ፣ መጣሁ» እያልኩ ተመለስኩ። ማን ደውሎልኝ? ማንም።

ቤት ስደርስ እማዬ ጠየቀችኝ። ተመዝግቤያለሁ አልኳት።

እማዬን ብታውቋት አትፈርዱብኝም። ገና በልጅነቷ ከሰሜን በምደባ የመጣች አስተማሪ ናት፤ ዕድሜዋን ያሳለፈችው ሰማንያ ልጅ ፊት ቆማ ነው። ዓይነ አፋርነት ለእሷ እንደ ጉንፋን ነው፤ ትኩስ ነገር ሲጠጡበት የሚለቅ።

በማግስቱ አባ ጃርሶን ናጋ ቡልተኒ ብዬ ሰላም አልኳቸው። ናጋ፣ ናጋ አሉኝና ወደ እግሬ አዩ።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ትናንት እስከ ቢሮው በር ሄድሽ። ቆምሽ። ብዙ ቆምሽ። ከዚያ ዞርሽ። ውሻ ነበር?»

የለም፣ ሰው ነው የነበረው አልኳቸው።

«ሰው ይነክሳል?»

ለእማዬ እንዳይነግሩብኝ ለመንኳቸው። እሳቸው ሄደው እንደማይናገሩ፣ ከጠየቀቻቸው ግን እንደማይዋሹ ነገሩኝ። አፈር ላይ የተጻፈ ነገር እንዴት ይካዳል?

ረቡዕ ብልጥ ሆንኩ። ሸራዬን አልጋ ሥር ደብቄ የእማዬን ጥቁር ቆዳ ጫማ አደረግሁ። ስለሚሰፋኝ ጫፉ ላይ ወረቀት ጠቀጠቅሁበት። ከበሩ ፊት ደረስኩ፤ ልጆቹ አሉ፤ ስልኬ እንደገና «ተደወለ»።

ሐሙስ ጠዋት አባ ጃርሶ እየሳቁ ጠበቁኝ። «ትናንት የእናትሽ ጫማ ከቢሮው በር ተመለሰ» አሉ። «ቲቸር ግን ከበር ተመልሳ አታውቅም።»

አንገቴን ደፋሁ።

«ጫማ ይለወጣል። አንቺ መሬቱ የተኛ ይመስል ነው የምትረግጪው።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። አፈርኩ፤ እሱ የታወቀ ነው። ግን ሌላም ነገር ተሰማኝ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ያላወቁኝ ሰዎች አሉ፤ እሳቸው ደግሞ ተረከዜ አፈር ላይ በተወው ምልክት ብቻ ያውቁኛል። ዓይኔን ሳያዩ፣ ሳያፈጡብኝ፣ ስሜን ሳይጠይቁ። ሰው እንዲህም ይታያል ለካ? እኔ የምፈራው መታየትን ነው ወይስ መፈተሽን? እስካሁን አልለየሁትም።

ይህንን እያሰብኩ ጠየቅኋቸው። ውሃው ድረስ መጥታ፣ ከብቱ በዝቶባት ሳትጠጣ የምትመለስ ላም ብትኖር ምን ታደርጋላችሁ? አባ ጃርሶ በጎልማሳነታቸው ዱብሉቅ በሚባለው ቦታ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ወርደው ውሃ እየቀዱ ከእጅ ወደ እጅ ሲያቀብሉ የኖሩ ናቸው። ብዙም አላሰቡ።

«አንገፋትም። ከምትጠጣ ላም ኋላ እናቆማታለን።»

ዓርብ ሸራዬን አጥብቄ አሰርኩና ከበሩ ማዶ ቆሜ ጠበቅሁ። ከልጆቹ መሀል አንዲት ቀጭን ልጅ ተነሥታ ወደ ውስጥ አመራች። እግሯን ሳይ ሸራ ጫማ! ቀይ፣ ጎማው የቆሸሸ። ሌላ ሰው አላየሁም። ያንን ተረከዝ ብቻ እያየሁ፣ እሷ በረገጠችበት እየረገጥኩ ገባሁ። መዝጋቢው ስሜን ሦስቴ አስደገመኝ፤ በሦስተኛው ሰማኝ። ፈርሜ ወጣሁ።

ስወጣ አንድ ባጃጅ ግቢው ውስጥ ድረስ ገብቶ ደረጃው ሥር ሰው አውርዷል። ልጆቹ በሩ ላይ እንዳሉ ናቸው። ደግሞስ ዛሬ ጀግና አይደለሁ? ዘልዬ ገባሁ። መነኸሪያው አጠገብ ካለው ጁስ ቤት ወርጄ ብቻዬን ስፕሪስ አዘዝኩ፤ ከቦርሳዬ ልብ ወለድ አወጣሁና ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ አነበብኩ። የስልኬን ድምፅ እንደ ጫማዬ አጥፍቼዋለሁ።

ለካ እማዬ ስትደውል፣ ስትደውል፣ መጨረሻ ላይ አባ ጃርሶን ጠየቀች።

እሳቸው ከገበያ ሲመለሱ አይተዋል። «ቢሮው ገብታለች» አሏት። «አልወጣችም።»

ሰኞ ተመዝግባ ዛሬ ምን ልትሠራ ገባች? አለች እማዬ። ምስኪን አባ ጃርሶ ተጠየቁ፤ አልዋሹም። ሰኞ ተመልሳለች፤ ረቡዕ ደግሞ በአንቺ ጫማ ተመልሳለች።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። አባ ጃርሶ ግቢው መሀል ቆመው በዱላቸው መሬቱን ያሳያሉ፤ ይኸው የገባ፣ የታል የወጣ? ሠራተኛው በሙሉ ከየቢሮው ወጥቶ መሬት መሬት ያያል። እማዬ ሰማንያ ልጅ ጸጥ በምታሰኝበት ድምፅ ስሜን ከነአባቴ ትጣራለች። መዝጋቢው መዝገቡን ይዞ ወጥቶ ስሜን ጮክ ብሎ ያነባል። ዕቃ ግምጃ ቤቱ ተከፈተ። ሽንት ቤቱ ተንኳኳ።

እኔ ደግሞ ጠግቤ፣ ደስ ብሎኝ፣ በእግሬ ወደ ቤት እየመጣሁ ነው። መንገድ ላይ አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ከሱቋ ብቅ ብላ «ወጣሽ?» አለችኝ። ትንሽ እልፍ እንዳልኩ የባጃጅ ሹፌሮች «ወጣች! ወጣች!» አሉ። ከምን?

ሰፈራችን መግቢያ ላይ እማዬና አባ ጃርሶ ሲመለሱ ተገናኘን። እማዬ አቀፈችኝ፤ ከዚያ ለቀቀችኝና «ጫማዬን አድርገሽ ነው የምትዋሺኝ?» አለች። አባ ጃርሶ ግን የተናደዱት በሌላ ነው።

«በየት ወጣሽ?»

በባጃጅ አልኳቸው።

«ባጃጅ የተሳፈረች ግመል ፈልጌ አላውቅም» ብለው ወደ በርጩማቸው ሄዱ።

ለቃለ መጠይቁ ስቀርብ ስሜን የጠየቀኝ አልነበረም። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሀል ያለው ወረቀቱን ሳያይ «ዛሬስ በየት ነው የምትወጪው?» አለኝ። ሳቅኩ። ከሳቅኩ በኋላ ደግሞ መናገር ያን ያህል አልከበደኝም። ሥራውን አገኘሁ።

አሁን ቤተ መጻሕፍቱ የእኔ ነው። ከተማሪዎቹ ግማሹ ሸራ ጫማ ነው የሚያደርገው፤ ደጃፉ ሁልጊዜ በቀይ አፈር ላይ ማኅተም እንደተመታበት ነው። ሳላውቀው ማንበብ ለምጃለሁ። ከሁሉም አንዱን ለየሁት። በየዕረፍቱ እስከ ደረጃው ይመጣል፣ ይቆማል፣ ብዙ ይቆማል፣ ይዞራል። የሴት ልጅ ነው፣ ትንሽ እግር።

ወጥቼ ልጠራት ወሰንኩ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ወሰንኩ።

ዓርብ ዕለት አባ ጃርሶ ሊጠይቁኝ መጡ። ደጃፉ ላይ ዱላቸውን ተደግፈው መሬቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና መሬቱን አዩ።

«እዚህ በር ላይ ሁለት ሴት ልጆች መጥተው ተመልሰዋል» አሉ። «አንዷ ተማሪ ናት። ሌላዋ ቁልፉን የያዘችው ናት።»