አርባ አምስት ጫማ

ኦስበርት፦ ጫማ ስልህ እግር የሚገባበትን አይደለም! የርዝመት መለኪያ ነው!

ሲልቫን፦ ይኼ ግን የእግር ነው።

ኦስበርት፦ ኧረ በሥላሴ! ሚራቤላ አርባ አምስት ጫማ፣ ኢኔዝ ሃያ ስምንት ጫማ። ምኑ ነው ያልገባህ?

[ካሪያኩ ደሴት፣ የዊንድዋርድ መንደር ወደብ። አጎታቸው ሲሞት ለሁለቱ አክስታማቾች ሁለት የሸራ ጀልባዎች ትቶላቸዋል። ኑዛዜው አጭር ነው፦ ታላቁ ይምረጥ፣ የቀረችውን ታናሹ ይውሰድ። ሲልቫን የሚበልጠው በሦስት ሳምንት ብቻ ነው፤ ኦስበርት ግን እነዚህን ሦስት ሳምንታት ዕድሜ ልኩን ይቅር አላላቸውም። እሁድ ኦስበርት ወደ ጎረቤቷ ደሴት ወደ ፔቲት ማርቲኒክ ተሻግሮ ለሚወዳት ለቬርሊን እናት የጋብቻ መጠየቂያ ደብዳቤውን በእጁ ይሰጣል። በትልቋ ነጭ ጀልባ እመጣለሁ ብሎ አስወርቷል። ስለዚህ ሲልቫን እንዳይመርጣት ዛሬ ትልቋን ማማት ግድ ሆኖበታል።]

ሲልቫን፦ ትልቋ መኝታ ክፍል አላት አይደል?

ኦስበርት፦ ሦስት። ለመስመጥ ሦስት ክፍል ምን ያደርጋል? ይልቅ ኢኔዝን እያት! አያታችን በመጥረቢያና በዓይኑ ልክ የሠራት፤ ስልሳ ዓመት ሙሉ ወገቧን አመመኝ አላለችም።

ሲልቫን፦ ውሃ ታስገባለች እኮ።

ኦስበርት፦ ታስገባ እንጂ! እንጨት ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ቀዳዳውን ራሱ ይደፍናል። ያቺ የፋብሪካ ልጅ ግን አንድ ጊዜ ከተሰነጠቀች እንደ እንቁላል ናት።

ሲልቫን፦ ትናንት ኢኔዝን «ሸራ የለበሰ የዶሮ ቤት» ነበር ያልካት።

ኦስበርት፦ ትናንት ኑዛዜው አልተ... [ያስላል] ትናንት ፀሐዩ መትቶኝ ነበር።

ሲልቫን፦ የሚራቤላ ሸራ ቁልፍ ሲጫኑት ብቻውን ይወጣል አሉ።

ኦስበርት፦ ቁልፉ ሲበላሽስ? ሸራው ሥር ተንበርክከህ ትለምነዋለህ? ደግሞ ከሆዷ ሥር ያለው ብረት ሰባት ጫማ ይወርዳል። የእኛ ባሕር ድንጋይ ደግሞ ስድስት ጫማ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

ሲልቫን፦ [ወደ ሚራቤላ መግቢያ እየጠቆመ] እኔ የማየው ሁለት ጫማ ነው። ጥቁር። ዘለበት አለው።

ኦስበርት፦ ጫማ ቀለም የለውም!

ሲልቫን፦ ዞር ብለህ ብታየው...

ኦስበርት፦ ማየት አያስፈልገኝም፣ አውቀዋለሁ! [ከሲልቫን ጣት ይልቅ የራሱን ድምፅ ነው የሚከተለው። ሊያሳምነው ጥቂት እንደቀረው ይሰማዋል።] ስማኝ ወንድሜ፣ ይህን ለሌላ ሰው አልናገርም። ሰው አማቱን በሚራቤላ አሳፈረ ማለት ነፍስ አጠፋ ማለት ነው።

ሲልቫን፦ [ቀስ ብሎ] ነፍስ?

ኦስበርት፦ ከፈለግህ በጽሑፍ እሰጥሃለሁ።

ሲልቫን፦ እንዲህማ ከሆነ... ኢኔዝን ልውሰድ።

[ኦስበርት ቀኑን ሙሉ ከጃኬቱ ሥር የደበቀውን የሩም አረቄ ጠርሙስ ያወጣል። በዊንድዋርድ በጀልባ አፍንጫ ላይ በባለቤቱ ስም ሩም ከፈሰሰ ነገር አለቀ፤ ዳኛም አይመልሰው። ሲልቫን ሐሳቡን እንዳይቀይርበት ኦስበርት ተሯሩጦ ኢኔዝ ላይ ግማሹን ያፈስሳል።]

ኦስበርት፦ በሲልቫን ስም! አለቀ! አሁን እውነቱን ልንገርህ አንተ ገራገር? እንደ ሚራቤላ ያለች ጀልባ በዚህ ባሕር ላይ የለችም!

ሲልቫን፦ ነፍስ ታጠፋለች አላልክም?

ኦስበርት፦ የአንተን ሞኝነት ነው ያጠፋሁት! የቬርሊን እናት ጀልባ የምትገምተው እንደ መጋረጃ ጨርቅ በክንድ ነው። ፊቱን ከኋላው አትለይም። ነጭ ቀለም ዓይኗን ሲሞላው ልጅቷን ራሷ ጠቅልላ ትሰጠኛለች።

ሲልቫን፦ እኔም ከጠዋት ጀምሮ ልነግርህ የፈለግሁት ስለ እሳቸው ነበር። በዓሣ አጥማጆች ጀልባ መጥተው «ልጄን ሊጠይቅ የሚመጣባትን ልያት» አሉኝ። ወለሉ እንዳይጫር ጫማቸውን አስወልቄ...

[የሚራቤላ የውስጥ በር ይከፈታል። የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣ ያደረጉ ሴት በባዶ እግራቸው ብቅ ይላሉ። የቬርሊን እናት ናቸው።]

ሚስ ኦርቴንስ፦ ደህና ዋልክ፣ ኦስበርት። ነፍሴ ሳትጠፋ ብወጣ ይሻላል ብዬ ነው።

ኦስበርት፦ ሚስ ኦርቴንስ! እ... እርስዎ... ከመቼ ጀምሮ...

ሚስ ኦርቴንስ፦ ከእንቁላሉ በፊት።

ኦስበርት፦ [ወደ ሲልቫን ዞሮ፣ በሹክሹክታ] እንለዋወጥ! በአጎታችን ነፍስ፣ ኢኔዝን ስጠኝ!

ሲልቫን፦ እኔማ ከቤቴ የወጣሁት ኢኔዝን ልመርጥ ነበር፤ አፍ አላስከፈትከኝም። አሁን ደግሞ ሩሙ ፈሷል። በዚያ ላይ እንዲህ ላብህ እስኪንጠፈጠፍ አስረድተኸኝ ሐሳቤን ብቀይር እውቀትህን መናቅ አይሆንብኝም?

[ሚስ ኦርቴንስ ጫማቸውን አጥልቀው የሲልቫንን እጅ ይዘው ወደ ኢኔዝ ይሻገራሉ። ኦስበርት ደረት ኪሱን ይዳብሳል፤ የአሥራ አንድ ገጽ ደብዳቤው በላብ ርሷል። ይህን ሁሉ ዓመት ቬርሊንን የወደዳት ከልቡ ነው፤ ያን ብቻ አልዋሸም።]

ኦስበርት፦ ሚስ ኦርቴንስ... እሁድ ልምጣ ወይስ ልቅር?

ሚስ ኦርቴንስ፦ ና። ሲልቫን ያምጣህ። ደብዳቤውንም እሱ ይጻፍልህ፤ ቢያንስ አጭር ይሆናል።