ከኋላ ማን ይቀመጣል?

[ቡታጅራ፤ የአረፋ ዋዜማ ረፋድ፤ የአንድ ካፌ በረንዳ። ሸምሶ መርካቶ ጫማ ይነግዳል፤ በዓለም ላይ የማያውቀው ነገር እንዳለ እስካሁን ማንም አልነገረውም። አብሮ አደጉ ኢስሀቅ አዲስ አበባ ውስጥ በራሱ ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ሰው ያመላልሳል፤ ነገር የሚገባው ሁሉም ሰው ገብቶት ከሄደ በኋላ ነው ይባላል። በረንዳው ፊት ሸምሶ ካጎቱ የተዋሰው ጥቁር ቪኤይት ተገትሯል። በቪኤይቱ ጥላ ሥር ደግሞ የኢስሀቅ መኪና አለች፤ ጠቋሚ ከተገኘ ትታያለች።]

ሸምሶ፦ በዚህች ነው ሐጂ ከማሉ ደጅ የምቆመው? በዚህች?! ወላሂ ኢስሀቅ፣ ይቺ መኪና አይደለችም፤ መኪና መሆን ያማራት ጫማ ናት!

ኢስሀቅ፦ ጫማም ቢሆን ያደርሳል።

ሸምሶ፦ ለጫማ ነጋዴ ስለ ጫማ አታውራ! ነገ እንሴኖ የምሄደው ሥጋ ልበላ መሰለህ? የፈቲሀ አባት «ለአረፋ ይምጣና ዓይኑን እንየው» ብለዋል። ከወደዱኝ ሽማግሌ እልካለሁ። ካልወደዱኝ ፈቲሀን ለሌላ ድረው እኔ መርካቶ ካርቶን እየቆጠርኩ አረጃለሁ።

ኢስሀቅ፦ እንየው ያሉት ዓይንህን ነው ወይስ መኪናህን?

ሸምሶ፦ [እንደ መምህር ጣቱን አንስቶ] የዘንድሮ ሰው ዓይን የሚታየው በመኪናው መስታወት በኩል ነው።

ኢስሀቅ፦ የቪኤይቱ መስታወትማ ጥቁር ነው፤ ምንም አያሳይም።

ሸምሶ፦ አይገባህም እኮ! የዚህ ሞተር ሲነሳ አረቅጥ ላይ ያለ ሰው «ሊዘንብ ነው» ብሎ ያሰጣውን ልብስ ያነሳል። ያንተዋስ? ስትመጣ አትሰማ፣ ስትሄድ አትሰማ። አምሽቶ የመጣ ባል በጓሮ የሚገባባት መኪና!

ኢስሀቅ፦ ናፍጣ ግን አትጠይቀኝም።

ሸምሶ፦ የትልቅ ሰው መኪና ይጠይቃል!

ኢስሀቅ፦ ያንተዋማ ትጠይቃለች። ትናንት ተሰልፋ የቀዳችውን ከማደያው ሳትወጣ ጨርሳ እንደገና ተሰለፈች።

ሸምሶ፦ [የሰማ ሰው እንዳለ ዞር ዞር ብሎ አይቶ] ቀስ በል! ይልቅ አንተ ለራስህ እወቅ። ነገ እንሴኖ ስትደርስ ባትሪህ ያልቅና «እናቴ፣ ስለ አላህ፣ አንዲት ሶኬት» እያልክ ደጅ ለደጅ ትዞራለህ።

ኢስሀቅ፦ በአረፋ ሶኬት የሚከለክል ሙስሊም አለ?

ሸምሶ፦ ተወው። ስማኝ፤ ለሐጂ በስልክ «ከሹፌሬ ጋር ነው የምመጣው» ብያቸዋለሁ። ሹፌሬ አንተ ነህ።

ኢስሀቅ፦ እኔ? ያንን? መሪውን ስይዝ እግሬ ፍሬኑ ጋ አይደርስ! ደግሞ መኪናዬን ለማን ጥዬ? የጠፋ ሕፃን መስላው አንዱ አንስቷት ይሄዳል።

ሸምሶ፦ እሺ በጫማህ ተከተለኝ። ቪኤይቱን ራሴ እነዳለሁ። እንሴኖ መግቢያ ላይ አንዴ ክላክሱን አምባርቅበታለሁ፤ ከዚያ በኋላ «ማን መጣ» ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም።

ኢስሀቅ፦ [ግንባሩን ቋጥሮ፣ ከሩቅ አገር በእግሩ የሚመጣ ሐሳብ እየጠበቀ] ሸምሶ... አንተ መሪ ከያዝክ፣ ከኋላ ማን ይቀመጣል?

ሸምሶ፦ ማንም!

ኢስሀቅ፦ እንዴ! ቪኤይት ሲመጣ እኮ ትልቁ ሰው ከኋላ ነው የሚወርደው። መሪ የሚይዘውማ...

ሸምሶ፦ አይገባህም አልኩህ! ማክያቶህን ጠጣ።

[የአረፋ ማግስት፤ ያው በረንዳ። የቪኤይቱ ጣሪያ ላይ የኮባ ቅጠል ተጣብቋል፤ ከውስጡ ደህና አድርጎ የበግ ሽታ ይወጣል። ሸምሶ ጥቁር መነጽሩን እንዳደረገ ነው፤ ትናንት ሊታይበት፣ ዛሬ ሊደበቅበት። የኢስሀቅ መኪና ኮሽታ ሳታሰማ አጠገቡ ስትቆም ከወንበሩ ዘለለ።]

ሸምሶ፦ ቢስሚላህ! የት ነበርክ አንተ?

ኢስሀቅ፦ ሐጂ ቤት።

ሸምሶ፦ ከትናንት ጀምሮ?!

ኢስሀቅ፦ አንተ እንዳልከው ባትሪዬ አለቀ። ገመዴን በሳሎናቸው መስኮት አስገባሁ። ገና ቻርጅ ማድረግ ስትጀምር መብራት ጠፋ። እስኪመጣ ብለው ክትፎ አቀረቡልኝ። አልመጣም። ጨመሩልኝ። አልመጣም። ፍራሽ አነጠፉልኝ። መብራቱ የመጣው ሊነጋጋ ሲል ነው። አንተስ? ለመጨረሻ ጊዜ ሳይህ አሮጊት እያሳፈርክ ነበር።

ሸምሶ፦ [መነጽሩን ወደ ላይ እየገፋ] ሁሉም ያንተ ጥፋት ነው! ክላክሴን ነፋሁ፤ መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እስከዚህ ድረስ ያማረ ነበር። ለሐጂ ያመጣሁትን ስኳር ላወርድ የኋላውን በር ስከፍት፣ ሰዉ ሁሉ ጸጥ ብሎ አንገቱን አሰገገ። ትልቁ ሰው እስኪወርድ ይጠብቃል!

ኢስሀቅ፦ ስኳሩ ወረደ።

ሸምሶ፦ ስኳሩ ወረደ! ይሄኔ አንተ ነጭ ጀለቢያህን ለብሰህ ከዚያች ጫማ ውስጥ ብቅ አልክ። ሐጂ እኔን እንደ ግንድ አልፈውኝ «ሸምሶ ልጄ!» ብለው አንተን አቀፉህ። አፍ የለህም? «አይደለሁም» አትልም?

ኢስሀቅ፦ ልል ነበር። ሰላምታው አላለቀማ! «እናትህ ደህና ናቸው? ሰፈሩ ደህና ነው? ከብቱ ደህና ነው? ዝናቡስ?» ሰላምታ አቋርጦ ስም ማረም ነውር ነው። ሰላምታው ሲያልቅ ሐጂ ራሳቸው አጎረሱኝ።

ሸምሶ፦ ክትፎው ሲያልቅስ?

ኢስሀቅ፦ እንሴኖ ውስጥ፣ በአረፋ፣ ክትፎ ሲያልቅ አይተህ ታውቃለህ? አንተስ ለምን «ሸምሶ እኔ ነኝ» አላልክም?

ሸምሶ፦ አማት ሊሆን ላሰበ ሽማግሌ፣ በዒድ ቀን፣ በሰው ፊት «ተሳስተዋል» ይባላል? ደግሞ ፋታ መቼ ሰጡኝ! «ሹፌር፣ አለቃህ እስኪበላ እነዚህን እናቶች አድርስልኝ» አሉ። እናቶቹን አደረስኩ። የእናቶቹን ቆጮ አደረስኩ። ከዚያ አንድ ቀንዳም ሙክት አመጡና የኋላ ወንበር ላይ... ከኋላ ማን ይቀመጣል ብለኸኝ ነበር አይደል? ሙክት!

ኢስሀቅ፦ በጉ ደህና ገባ?

ሸምሶ፦ ከኔ በላይ! ሞቆት እንዳይሞትብኝ መስኮቱን አወረድኩለት። አንገቱን አውጥቶ መንገደኛውን በኩራት ሲያይ፣ አንድ አዛውንት ቆመው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ነሱት! እኔንማ ዞሮ ያየኝ የለም። እሺ እሱ ይቅር፤ ፈቲሀስ? አይታኝ ይሆን?

ኢስሀቅ፦ ፊቷን አላየሁም። ከመጋረጃው ጀርባ ግን አንድ ሰው ሙክቱ ሲሳፈር ጀምሮ እስከ መግሪብ ይስቅ ነበር።

ሸምሶ፦ አበቃልኝ!

ኢስሀቅ፦ ምን አበቃልህ? ሐጂ ወደውሃል እኮ።

ሸምሶ፦ [ቀስ ብሎ ቀና እያለ] ማንን?

ኢስሀቅ፦ ሸምሶን። «ሀብት እያለው በትንሽ መኪና ራሱን ዝቅ አድርጎ መጣ፤ የሰጡትን በላ፤ መብራት ጠፋ ብሎ አላማረረ፤ አዋቂ ነኝ አላለ» ብለዋል። ሽማግሌ ላክ ተብለሃል።

ሸምሶ፦ [ብድግ ብሎ ኢስሀቅን ግንባሩ ላይ እየሳመ] አልሐምዱሊላህ! ይሄን እያወቅክ ነው ስለ ፍራሽ የምታወራኝ?

ኢስሀቅ፦ አንድ ነገር ብቻ ቅር ብሏቸዋል።

ሸምሶ፦ ምን? ንገረኝ፤ አሁኑኑ ይስተካከላል! ዛሬውኑ!

ኢስሀቅ፦ «ያን ሹፌርህን አሰናብተው» ነው ያሉት። «ፍየል ላይ ክላክስ ያምባርቃል፤ ሰው ቤት በጥቁር መነጽር ይገባል፤ መንገድ ሲያሳዩት አውቃለሁ ይላል።»

[ሸምሶ ተመልሶ ተቀመጠ። ሊወደድ የሄደው እሱ ነው፤ ተወድዷል። ሊባረር የሚገባው እሱ ነው፤ ተባርሯል። የትኛው ላይ እንደሚያዝን ለመወሰን ጊዜ ወሰደበት።]

ሸምሶ፦ እና... ምን መለስክላቸው?

ኢስሀቅ፦ ለመንኩልህ! «ሐጂ፣ ልጅ ነው፣ ይማራል፣ ከእንጀራው አልነቅለውም» አልኩ።

[የሸምሶ ስልክ ጮኸ። ሐጂ ከማሉ ናቸው። ሸምሶ ከተቀመጠበት ተነሳ፤ በስልኩ ውስጥ የሚያዩት ይመስል መነጽሩን አወለቀ።]

ሸምሶ፦ [በስልኩ] ወዓለይኩሙሰላም ሐጂ... አይ፣ እሳቸው አጠገቤ ናቸው... አዎን፣ ሹፌሩ ነኝ። [ኢስሀቅን በክርኑ እየጎሸመ] እሺ፣ እነግራቸዋለሁ... አቤት?... [ስልኩን ጆሮው ላይ እየጫነ] አቤት?... [ጆሮው ቀላ] እሺ ሐጂ። እሺ። አይለመደኝም ሐጂ።

ኢስሀቅ፦ ምን አሉ?

ሸምሶ፦ ያውቃሉ።

ኢስሀቅ፦ ምኑን?

ሸምሶ፦ ሁሉንም! አንተን ገና እያጎረሱህ ሳለ ፈቲሀ «አባ፣ የኔው ሰው ባለ መነጽሩ ነው» ብላ ነግራቸዋለች። «ሹፌር አለኝ ያለ ሰው ሹፌርነትን ይቅመሳት» ብለው ነው ዝም ያሉት። የሙክቱ ሐሳብ የሷ ነው። የራሷ!

ኢስሀቅ፦ [ትንሽ አስቦ] እህ! ለዚህ ነዋ እኔንም ሲያጎርሱኝ የሚስቁት።

ሸምሶ፦ «በግ ተሸክሞ ያላማረረ፣ ልጄንም አይጥላትም» ብለዋል። ጁምዓ ሽማግሌ ይዘን እንምጣ።

ኢስሀቅ፦ ማሻአላህ! በቪኤይቱ?

ሸምሶ፦ ቪኤይቱ ሽማግሌዎቹን ብቻ ያምጣ፤ ሌላ ሰው ይንዳው ብለዋል። እኔን መሪ ላይ እንዳያዩኝ። በትንሿ መኪና፣ አንተ እየነዳህ... [አፉ አልታዘዝ አለው] ... እኔ ከኋላ።

ኢስሀቅ፦ ይኸው! ትልቁ ሰው ከኋላ ነው ብዬህ አልነበር?

[ኢስሀቅ ተነስቶ የትንሿን መኪና የኋላ በር ከፈተ፤ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።]

ኢስሀቅ፦ ይግቡ ጌታዬ፤ እስከ ጁምዓ እንለማመድ።

[ሸምሶ መጀመሪያ አንገቱን፣ ቀጥሎ ወገቡን፣ በመጨረሻም ኩራቱን አጥፎ ገባ። ጉልበቱ አገጩን ነካ። መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ከቪኤይቱ ጥላ ወጣች። መንገዱ መሃል አንዲት ፍየል ቆማለች።]

ሸምሶ፦ ኢስሀቅ።

ኢስሀቅ፦ አቤት ጌታዬ?

ሸምሶ፦ ክላክስ እንዳትነካ። እስክታልፍ እንጠብቃት።