አሥር ጊዜ የተለካ መንገድ

በየቤተሰቡ አንድ መራጭ አይጠፋም። ጃንጥላ ሊገዛ ይወጣል፤ ሲያማርጥ ክረምቱ ያልፍና ባዶ እጁን ይመለሳል። የእኛ ቤት መራጭ ታናሽ ወንድሜ ነው። በሆዴ «ክቡር መራጭ» እለዋለሁ፤ በአፌ ግን ደፍሬው አላውቅም።

ክቡርነታቸው ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። አርባ ዓመት እሱ ሰፋ፣ እኔ ቁልፍ ተከልኩ። ሜትሩን ዛሬም ከአንገቱ አያወርድም። «እትዬ፣ አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ ነው» ይላል። ጨርቅ ሲሆን እውነት ነው። እሱ ግን ቲማቲም ሲገዛም እንደዚያው ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ታላቅ እህታችን ደወለች። የምትኖረው ባሏን ተከትላ፣ እናታችንንም ይዛ የገባችበት ቦታ ነው፤ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ግማሽ ቀን ሜዳ ለሜዳ ያስኬዳል። መንገድ የሚባለው የጎማ ዱካ ነው፤ እሱንም ንፋስ ይደፍነዋል። እኛ የሄድነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«ዓይኔ እየከዳኝ ነው» አለች። «ፊታችሁን ሳላየው እንዳይጨልምብኝ።»

ወንድሜ በዚያው ሳምንት አሮጌዋን ፎር ዊል መኪናውን አስጠገነ። «አሁን የቀረን መንገድ የሚያሳይ ጂፒኤስ ብቻ ነው» አለ። ያቺን «ብቻ» አምኛት ነበር።

ለዚሁ ጉዳይ ደብተር ተገዛ። ደብተሩን መምረጥ ብቻ ሦስት ቀን ፈጀ። አንዱ ጂፒኤስ ፀሐይ ሲመታው አይነበብም። ሌላው ካርታውን የሚያመጣው በስልክ ኔትወርክ ስለሆነ ሜዳው ላይ ዕውር ነው። ሦስተኛው አቧራ ያስገባል። አራተኛው የመጡበትን ዱካ መዝግቦ አይመልስም። የእያንዳንዱን ልክ ከካርቶን እየቆረጠ በመኪናዋ ዳሽቦርድ ላይ በስፒል ይሰካና፣ አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ወደ ኋላ ይላል፤ ለሙሽራ ልብስ እንደሚለካ።

አንድ ቀን ደግሞ ቤቷን ካርታ ላይ ሊያገኘው ደወለላት።

«ቤትሽ ከውሃ ጉድጓዱ በየት በኩል ነው?»

«በዚህ በኩል ነዋ!»

«በዚህ ማለት?»

«እኔ ባለሁበት!»

«እኮ ሰሜን ነው ደቡብ?»

«ጠዋት ፀሐይ በፊት በር ትገባለች። እሷ ካገኘችው አንተን ምን ያቅትሃል?»

ክቡርነታቸው «በሩ ወደ ምሥራቅ» ብለው መዘገቡ።

ባለፈው ወር ግን ስልኩን የደወለችልን ጎረቤቷ ናት። እህቴ ቁጥሮቹን መለየት አቅቷታል። ያን ቀን ተናደድኩ። እኔ ስናደድ ድምፄ ይቀንሳል።

«ወንድሜ፣ እስከ መቼ ነው?»

ሜትሩን ጠቀለለው፤ መልሶ ፈታው።

«እትዬ፣ እናታችን ታማ ስንጠራ ማን ነበር የሚነዳው?»

እሱ ነበር። ዱካው ለሁለት ሲከፈል ግራውን ያዘ። ቀኑን ሙሉ ተንከራተን በማግስቱ ስንደርስ እናታችን ተቀብራለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው፤ አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲመርጥ ያየሁት መስሎኝ ነበር። ለካ ሲፈራ ነው።

በማግስቱ ብቻዬን ወጣሁ። ጂፒኤስ የሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ ሁለት ጊዜ ደርሼ ተመለስኩ፤ በሦስተኛው ገባሁ።

«እማማ፣ ለልጅዎ ነው?» አለ ሻጩ።

«ለመንገድ ነው» አልኩት። ከዚያ በኋላ ምን እንደነካኝ አላውቅም። ካርታው ውስጡ ተጭኗል ወይ? ፀሐይ ላይ ይነበባል ወይ? አቧራስ? ዱካ ይመዘግባል ወይ? ሲጋራ መለኮሻው ላይ ተሰክቶ ይሞላል ወይ?

ሻጩ መነጽሩን አወለቀ። «የት ነው የተማሩት?»

«ማጀት ሆኜ እየሰማሁ።»

ጥያቄዬን ሁሉ ያለፉ ሁለት ቀሩ። አንዱ ቀጭን፣ ፊቱ መስታወት ብቻ፣ በጣት የሚነካ። ሌላው ወፍራም፣ ባለ ቁልፍ። ባለ ቁልፉን ያዝኩ። መኪና ሲዘል ጣት መስታወት ላይ ይስታል፤ ቁልፍ ግን በዳበሳ ይገኛል። ይህንን ማንም አያስተምረኝም።

ወንድሜ ተቀበለኝና አገላብጦ ለካው። «ይሄ'ኮ በእኔ ደብተር ሁለተኛ የወጣው ነው።»

«አንደኛውስ?»

«እሱን ገና አልወሰንኩም።»

በሳምንቱ ተነሳን። ዱካው ለሁለት የሚከፈልበት ስንደርስ መኪናዋን አቁሞ ሞተሩን አጠፋ። መሪው በላቡ ረጥቧል።

«ቀኝ ነው የሚለው» አለ።

«እንግዲያው ቀኝ ነዋ።»

«ባይሆንስ?»

«ባይሆን ሁለታችንም ጠፋን። አንተ ብቻህን አይደለህም።»

ሞተሩን አስነሳ።

እህታችን በሩ ላይ ቆማ ነበር። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፤ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

«አርጅተሃል።»

«ይታይሻል እንዴ?»

«ሽበትህማ ከጉድጓዱ ጀምሮ ይታያል!»

ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም ዕቃ እንደማወርድ ሆንኩ።

ቆይቼ መኪናዋ ውስጥ አገኘሁት። መሣሪያው ለደረስንበት ቦታ ስም ስጡ ይላል። መቼም ለዚህ ሦስት ወር ያስፈልገዋል ብዬ በመስኮቱ አጮልቄ ቆምኩ። ክቡርነታቸው ግን አንዴም ሳያመነቱ በፈረንጅ ፊደል «ቤታችን» ብለው ጻፉ።

አንዲት ፊደል ዘልሏል። አየሁና እንዳላየ አለፍኩ።